በነጠላ ጫፍ የተቋጠረው ክኒን

ጣቢታ የጠዋቱን ክኒን ልታጎርስ የወንድሟን አፍ ስትዳስስ፣ ጣቶቿ እርጥብና ቀዝቃዛ ነገር ነኩ። ደም መሆኑን በጠረኑ አወቀች። ዓይኖቿ የጠፉት ገና በልጅነቷ ነው፤ ጨለማ ያስፈራት ግን ያን ዕለት ነበር።

ወንድሟ እውነቱ ቡራዩ ላይ ከሕንፃ መወጣጫ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ሳምንታት አልፈዋል። አሁን አስከሬኑ ለምርመራ ተወስዷል። ፉሪ ያለችው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጎረቤቱ ፖሊስም ዳኛም ሆኖ «እግሩን ያሸው ወጌሻ ነው የገደለው!» እያለ ይጮሃል። ጣቢታ ግን የፈራችው ለራሷ ነው። ክኒኑን ያጎረሰችው እሷ ናት፤ ብትታሰርስ ማን ይደርስላታል?

በማግስቱ ኢንስፔክተር ሰብለወርቅ የምርመራውን ውጤት ይዛ መጣች። ጣቢታን፣ የሟቹን ሚስት ኤልሳቤትን፣ የሥራ ባልደረባውን ወንዲንና ሽማግሌውን ወጌሻ ኦቦ ነገሳን ባንድ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ኦቦ ነገሳ፣ ምን አደረጉለት?»

«ዋቃዮ፣ አምላኬ! ጄሶው አሳከከኝ ብሎ ሲያስፈታው ጠሩኝ። በቅቤ አሽቼ በቀርከሃ አሰርኩት። የሚዋጥ ነገር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም!»

«የገደለው እግሩ አይደለም። ጨጓራው ቆስሎ ደምቷል። ሐኪሙ ምን ብሎ ነበር?»

ወንዲ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔና ኤልሳቤት ነን የወሰድነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ ይዋጥ፣ ዳይክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ አጥንቱን ቶሎ እንዳይገጥም ሊያደርገው ይችላል አለን። እውነቱ ጨጓራ እንዳለበት አልተናገረም።»

«አሁን በእሱ ቦታ ፎርማን የሆንከው አንተ ነህ አሉ።»

ሰብለወርቅ ወደ ጣቢታ ዞረች።

«እህቴ፣ ክኒኑን የት ነበር የምታስቀምጪው?»

«ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ። ስተኛም አልፈታውም።»

«ሁሌ አንድ ዓይነት ነበር?»

ጣቢታ ጣቶቿን አሻሸች። «መጀመሪያ ሻካራ ነበር፤ መሃሉ ላይ መስመር አለው። በኋላ እንደ ታጠበ ባቄላ ሙልጭልጭ ሆነ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ነጠላዬ ከታጠበ ወዲህ።»

ሰብለወርቅ ቋጠሮውን ፈትታ የተረፉትን ክኒኖች አየች።

«ዳይክሎፌናክ ናቸው» አለች። «ኦቦ ነገሳ ሐኪሙ ያለውን አልሰሙም። ወንዲ ሰምቷል፣ ምክንያትም አለው፤ ቋጠሮውን ግን የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ጣቢታ ለውጣው ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን ባልነገረችኝ። ሐኪሙን የሰማ፣ ነጠላውንም ፈትቶ ያጠበ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቤቱን ልብስ የምታጥበው ኤልሳቤት።»

ኤልሳቤት መሬት ላይ ተዘረፈጠች። «ልገድለው አልነበረም! ስድን እዚያው እንጨት ላይ እወጣለሁ ይለኝ ነበር። ትንሽ ቢዘገይ፣ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ብዬ ነው። ጨጓራውን እንደሚያደማው በምን ልወቅ?»

ከዚያ ኤልሳቤት የጣቢታን እጅ ያዘች።

«ጣቢዬ፣ መለወጡን ካወቅሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ተሳስተሻል ብለሽ ክኒኑን እንዳትወስጂብኝ ፈርቼ። ለዚህ ቤት የምረባው በሱ ብቻ ነበር።»

ፖሊሶቹ ኤልሳቤትን ይዘው ሲወጡ ጣቢታ ግድግዳውን እየዳሰሰች እስከ በሩ ተከተለች።

«ኤልሲ፣ እኔን ለማን ትተሽኝ ነው?» ብላ ጮኸች።

መኪናው ግን ተነስቶ ነበር።