ሦስቴ የተጫረው ኮፈን

አይ የልብ ነገር! ብልጥ ነኝ ባዩን ሁሉ ያጃጅላል። የዚችን ልብስ ሰፊ ጉድ ስሙና ፍረዱ።

አባቷ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ጥቁር መኪናውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት፤ ዝንብ ብታርፍባት እንኳ ይቅርታ ሳትጠይቅ አይለቃትም። ታዲያ ወንድ ልጁን ሊጠይቅ ለሦስት ሳምንት ሲሄድ፣ ልጅት ሆዬ ላስደስተው ብላ መኪናዋን አጠበቻት። በምን? በድስት መፈግፈጊያ ስፖንጅ! ያውም በሻካራው በኩል!

ውሃው ደርቆ ፀሐይ ስትወጣ፣ ኮፈኑ ላይ ክብ ክብ ጭረት ብቻ! ሸረሪት ዘመድ አዝማዷን ሰብስባ ያደረችበት ይመስላል።

«ወይኔ ጉዴ! አባዬ ይገድለኛል!»

ጭንቅላቷን ይዛ ቀና ስትል፣ በአጥሩ በኩል አንድ ሰው ቆሞ ያያል። የመኪና ቀለም ቀቢው ነው። ሰፈሩ «መስታወቱ» ይለዋል፤ እጁ የነካው መኪና ሁሉ ፊት ያሳያላ!

«እህቴ፣ በምን አጠብሻት? በሚስማር?»

«አንተ ምን አገባህ?»

«እኔንማ ምን ያገባኛል። አባትሽን ግን አውቃቸዋለሁ...»

ይሄኔ ምላሷ ታጠፈ። «ወንድሜ፣ በፈጠረህ... ይለቃል?»

ገባና ጎንበስ ብሎ ጭረቱን በጥፍሩ ዳሰሰው። «ጥፍር አይዝም፤ ላይ ላዩን ነው። ይለቃል።»

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሷ ልትጠይቀው የነበረውን ሁሉ ረሳችው።

በማግስቱ ከሥራ መልስ መጣ። መኪናዋን ጥላ ውስጥ አስገብቶ በደንብ አጠባት፣ አደረቃት። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ጠብታ ፖሊሽ አድርጎ፣ መሀረብ የምታህል ቦታ ብቻ ማሸት ጀመረ።

«ይቺን ብቻ?»

«መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞከራል። የቸኮለ ሁሉንም ያበላሻል።»

«በማሽን አይሻልም?»

«ማሽኑ... እ... ተበላሽቷል» አለና ጆሮውን አከከ።

እሱ ሲያሽ እሷ ታወራለች፣ እሱ ሲወለውል እሷ ትስቃለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ አምስት ቀን ሞላ፤ ኮፈኑም እንደ ኩሬ ውሃ ጠራ።

«ነገ ሰም እቀባትና አለቀ» አላት።

አለቀ? የምን አለቀ! ልጅት ሆድ ባሳት። እሱ በሩን ከመውጣቱ ያንን ስፖንጅ አነሳችና... ጫር ጫር!

በማግስቱ መስታወቱ በባትሪ እያበራ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ትናንት ለቆ አልነበር እንዴ?»

«እንጃ... ፀሐይ መትቷት ይሆናል።»

እንደገና አሸ። እንደገና ጫረች። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ «አንቺ ልጅ፣ መኪናችሁን እከክ ያዛት?» እስክትል ድረስ!

ሦስተኛውን ጭረት ሲያይ ግን አልሳቀም። ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠው።

«ከእንግዲህ አልነካትም።»

«ምነው?»

«በታሸች ቁጥር ከቀለሙ በላይ ያለው ስስ ሽፋን ይሳሳል። አሁን ብደግም ቀለሙ ይበላል። እጄ ከድቶኛል... አባትሽን እኔው ነኝ ያበላሸኋት እላቸዋለሁ። ይሄንንም ሥራ እተወዋለሁ።»

«ኧረ ቆይ...»

አልቆየም።

ወይ ጣጣ! ላስቀረው ብላ አባረረችው። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ልትሰፋ ብትሞክር፣ የሰው ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው እግር ጋር ሰፍታ ቁጭ። አባቷ ደግሞ ነገ ይመጣል። ክሩን በጥርሷ በጥሳ እስከ መስታወቱ ቤት ሮጠች።

ገና በሩን ሲከፍት፣ «እጅህ አልከዳህም! እኔ ነኝ የጫርኩት!»

«የመጀመሪያውንማ አውቃለሁ...»

«የኋላዎቹንም! ሦስቱንም!»

«ሆን ብለሽ?»

«ሆን ብዬ። ካለቀ አትመጣም ብዬ...»

ፊቱ ጠቆረ። «እኔ እኮ እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት! እንጀራዬን ልተው ነበር እኮ!»

«አጥፍቻለሁ... ስደበኝ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሊሰድባት አፉን ከፈተ፤ ሳቅ ቀደመው። ከአልጋው ሥር አንድ ማሽን ጎትቶ አወጣና ሰካው። ዙዙዙር!

«ተበላሽቷል አላልክም?»

«በዚህ ቢሆን በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር። እኔም እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው... በእጄ የማሸው።»

«አንተ ውሸታም!»

«አንቺ ጫሪ!»

ተሳሳቁ፣ ተቃቀፉ። የቀረውን እኔ አልናገርም፤ ጆሮ ያለው ብዙ ነው።

በነጋታው አባትየው ሻንጣውን እንደያዘ ኮፈኑን አየ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዳቸው ሲያፍሩ አንዳቸው እየቀጠሉ፣ ሁሉንም ተናዘዙ።

«ኮፈኑን በአዲስ ቀለም እቀባዋለሁ አባባ» አለ መስታወቱ። «ደግሞ... ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ።»

አባትየው ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ። መኪናዋን አየ፣ ልጁን አየ፣ መኪናዋን ደግሞ አየ።

«አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?»

«ካልፈለግኩትማ አንዴ መጫሩ ይበቃኝ ነበር፣ አባዬ!»

«እንግዲያው ኮፈኑን ቀባ፤ እኔ ወንበር ይዤ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ልጄንም ውሰዳት፣ መርቄያችኋለሁ። ቤታችሁ ግን... መኪናዬ ከምትቆምበት ራቅ ያለ ይሁን!»

ተጋቡ፤ ሁለት መንገድ ተሻግረው ተከራዩ። አባትየው ዛሬም ልጁ ልትጠይቀው ስትመጣ፣ ከመሳሙ በፊት እጇን ያያል።