አሥራ ሁለት ስኒ ሻይ

ሮዛሊን ዓሣ የተጫነበትን የበረዶ ሸርተቴ እየጎተተች በትምህርት ቤቱ አጥር ስታልፍ፣ ከአዳራሹ ውስጥ ኳስ ሲነጥር ተሰማት። ከሐይቁ ማዶ የመጡት ተጋጣሚዎች እያሟሟቁ ነው። የመረብ ኳሱ ግጥሚያ በዓመት አንዴ ነው፤ የቡድኑ አምበል ደግሞ እሷ ናት። ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።

«በየቤቱ አንድ አንድ ስኒ ሻይ ትጠጫለሽ» ብላት ነበር አክስቷ ቨርና፣ በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ። «ካነሰ ንቀት ነው፤ ከበዛ ደግሞ ወሬ ይሆናል።»

«እትዬ፣ አሥራ ሁለት ስኒ? ፊኛዬ ይፈነዳል እኮ።»

«የኔ በዘጠኝ ዓመት አልፈነዳም።»

ቨርና በዚያ በሰሜን ካናዳ ባለ፣ ዴኔ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች መንደር ወንጀል ለደረሰባቸው ሰዎች የሚሰጠውን ድጋፍ ታስተባብራለች። ተዘዋዋሪው ፍርድ ቤት በአውሮፕላን ሲመጣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን ጋር ፊት ለፊት መገናኘት እንደሌለበት የምታመቻቸው እሷ ናት። ሐይቁ ዳር ያሉት አሥራ ሁለት ቤቶች ግን የሚያውቋት ይበልጥ በየቤቱ እየዞረች በምታድለው ዓሣ ነው። የወደቀውን ሁሉ ስታነሳ የኖረች ሴት ሰኞ ዕለት ከገዛ ደረጃዋ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። መንደሩ አዘነላት፤ ደግሞም ሳቀባት። ዓሣ ማደሉም ለሮዛሊን ወደቀ።

ከዓሣዎቹ አንዱ በቀይ ክር ታስሯል። ከሥሩ ያለው የፍርድ ቤት ወረቀት የያዘ ፖስታ የደልፊን ነው፤ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ። መንጋጋዋን በሰበረው ሰው ላይ ሐሙስ ዕለት ልትመሰክር ነው። ከጎረቤት ማንም አያውቅም። ሮዛሊንም ያወቀችው ደልፊን ራሷ «እሷ ታምጣልኝ» ስላለች ነው። ባለፈው ጊዜ ወሬው ቀድሞ ሲወጣ፣ የሰውየው ዘመዶች ተራ በተራ በሯን እያንኳኩ «ለቤተሰብ ሲባል ተይው» አሏት። ተወችው።

ሮዛሊን አሰበች። ፖስታው ዛሬ ከደረሰ፣ የቀረው ዓሣ ነገ ቢታደል ምን ይሆናል? በዚህ ብርድ አይበላሽም። እንዲህ ብላ ወደ ደልፊን ቤት በቀጥታ አቀናች።

ሱቁ በረንዳ ላይ ብሬዲ የደረቀ ሥጋ ያኝካል። የክፍሏ ልጅ ነው፤ የደልፊንን መንጋጋ የሰበረው ሰው ደግሞ አጎቱ።

«አምበል፣ ጨዋታ የለም እንዴ? ወዴት ነው?»

«ዓሣ ላድል።»

«አክስትሽ ከእኛ ቤት ነበር የምትጀምረው። ዛሬ አያቴን ዘለልሻት?»

የተናገረው በክፋት አልነበረም። ዓይኑ ግን መሬቱ ላይ ነበር። እሷም ዞር ብላ አየች። ሌሊት በጣለው አዲስ በረዶ ላይ፣ ከቨርና ደጃፍ የተነሳ አንድ የሸርተቴ መስመር፣ የማንንም በር ሳይነካ ቀጥ ብሎ እግሯ ሥር ደርሷል። መስመሩ የሚያመራውም በቀጥታ ወደ ደልፊን ቤት ነው። በዚህ መንደር የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ ዱካ አይቶ ማን እንደሄደ፣ ምን ያህል እንደቸኮለ ይነግርሃል።

አክስቷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ሻይ ለምን እንደጠጣች አሁን ገባት። በየበሩ የቆመ ዱካ ለማን እንደመጣ አይናገርም።

«ማን ዘለላት?» አለች። «ከእናንተ ልጀምር ብዬ መንገድ ሳትኩ።»

«ሦስት መቶ ሰው በማይሞላ መንደር?»

«ብርዱ ጭንቅላቴን በልቶት ነው። ይልቅ ሩጥና ሻይ ጣዱ በላቸው።»

ብሬዲ እየሳቀ ሄደ። ሮዛሊን ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀችና ለአሰልጣኙ መልእክት ጻፈች፤ «ቴሬዛ ትግባ። እኔ አልደርስም።» ከዚያ ሸርተቴውን አዞረች።

የብሬዲ አያት ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመሩላት። አንድ ስኒ ጠጥታ ወጣች። ሁለተኛው ቤት ስለ ቨርና እግር ተጠየቀች፣ ሦስተኛው ቤት ስለ ቨርና ደረጃ። አምስተኛው ላይ መጸዳጃ ቤት ለመነች።

ደልፊን ዘጠነኛዋ ነበረች። ቀይ ክር ያለውን ዓሣ ተቀብላ፣ በሮዛሊን ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ውጭ ተመለከተች። ዱካው ከበር በር እየተጠማዘዘ መጥቷል።

«ጨዋታውስ?» አለች፣ አፏን ሙሉ ሳትከፍት።

«ቴሬዛ ገብታለች። ከኔ ትሻላለች፤ እንዳትነግሪያት ብቻ።»

ደልፊን ፖስታውን መደርደሪያ ላይ፣ ከዱቄቱ ጀርባ አስቀመጠችና ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ከአዳራሹ በኩል ጩኸት መጣ፤ ማን ነጥብ እንዳገኘ ግን አይለይም። ሮዛሊን አንዱን ስኒ እስከ ዝቃጩ ጠጣች። ደልፊን ልትደግምላት ስትል ሮዛሊን ስኒውን በመዳፏ ከደነች።

ከዚያ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ አሥረኛው በር ታጠፈች።