በመድኃኒት ክፍሉ የዘገየ ብልቃጥ

ኢንስፔክተር ጌታነሽ ስትደርስ ሕፃኑ በአያቱ ጋቢ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ነበር። ያለ ጊዜው በመወለዱ ጋቢው ውስጥ ሰው ያለበት አይመስልም። ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ግን አላየችም። ደከማትና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነገሩ አጭር ነው። ሳንባው ላልጠና ሕፃን ሰርፋክታንት የሚባል መድኃኒት እንደ ተወለደ ይሰጠዋል፤ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህች የመንዝ ሆስፒታል መድኃኒቱ ስላልነበራት፣ እናትየዋን ምጥ እንደ ጀመራት ሹፌሩ ምንይሉ ከደብረ ብርሃን ሊያመጣ ተላከ። ለሕፃኑ የተሰጠው ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። አባትየው ጫኔ ማታውኑ ከስሶ ምንይሉን አሳሰረ። ሲነጋ ሕፃኑ ሞተ።

«ለእናቲቱ ልብስ ላመጣ ጓሳ ማዶ ሄጄ ነበር» አለ ጫኔ። «ስመለስ ልጄ ያቃስታል። ዶክተሩን ብጠይቀው መድኃኒቱ ዘገየ አለኝ። ማን ያዘገየዋል፣ ሹፌሩ ነው እንጂ? መንገድ ላይ ሲጠጣ ነው።»

ሁሉም ከሹፌሩ ጀምሪ አሏት። ጌታነሽ ደግሞ ሁሉ የጠቆመውን ሰው መጨረሻ ላይ መጠየቅ ልማዷ ነው። የሕፃኑን አያት፣ ቄስ ገብረ አማኑኤልን፣ አስቀደመች።

«አባ፣ መኪናው ሲመጣ አይተዋል?»

«አይቻለሁ ልጄ። ልጁ ገና መወለዱ ነበር። ጾም ነውና ቅዳሴው ከሰዓት ነው፤ ለቅዳሴ ልሄድ ስነሣ ምንይሉ ሳጥኑን አቅፎ እየሮጠ ገባ። ሲሮጥ ገፋኝና ‹ይፍቱኝ አባ› አለኝ። ፈትቼው ሄድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ቀድሼ ስመለስ ሲስተር ሸዋረጋን ተሰጠው ወይ ብላት፣ ገና ነው አለች።»

ጌታነሽ ነርሷን ሸዋረጋን መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ አገኘቻት። የድንጋይ ቤት ነው፤ መስኮቱ ፀሐይ አያገኝም። ሸዋረጋ ከጋውኗ ሥር ሁለት ሹራብ ደርባለች።

«ቅዳሴ ተገብቶ እስኪወጣ ብልቃጡ የት ነበር?»

«እዚሁ፣ ጠረጴዛ ላይ። ከሳጥኑ ሲወጣ በጣም ይቀዘቅዛል። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ ተባልኩ። እየተመላለስኩ ስዳስሰው፣ ገና ነው።»

«ማን ነው ይቆይ ያለሽ?»

ሸዋረጋ በሩን አየች። «አሠራሩ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ጌታነሽ ያለቀውን ብልቃጥ ውሃ ሞልታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖረችና ወደ ዶክተር ቴዎፍሎስ ሄደች። በእሱ ክፍል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በርቷል።

«ከዚህ በፊት የት ነበሩ ዶክተር?»

«ድሬዳዋ። ይኼን ብርድ ገና አልለመድኩትም።»

«እዚያ ከማቀዝቀዣ የወጣ መድኃኒት ቶሎ ይሞቃል?»

«ወዲያው ነው» አለ፤ ከዚያ ወደ ማሞቂያው ዞረ። ጌታነሽም ሌላ አልጠየቀችውም። ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ አውጥታ የመድኃኒት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተወችው፤ እስክትመለስ ማንም እንዳይነካው አዘዘች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። ድምፅዋ ከድካም የተነሣ በጭንቅ ይሰማል።

«ጫኔ፣ ብልቃጡን ዳስሰው።»

«የምንጭ ውሃ ነው የሚመስል» አለ ጫኔ።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነው የዋለው። በል እጅህ ውስጥ ያዘውና ስማኝ። ምንይሉ መድኃኒቱን ይዞ የገባው አባ ለቅዳሴ ሲነሡ ነው፤ ስለዚህ መንገድ ላይ አልዘገየም። አባ ሲመለሱ ግን አልተሰጠም። የባከነው ጊዜ የባከነው እዚሁ፣ ግቢ ውስጥ ነው። ሸዋረጋ ሥራዋን አልተወችም፤ የታዘዘችውን ነው የጠበቀች። ትእዛዙም ለሞቃት አገር ክፉ አልነበረም። ድሬዳዋ ላይ ጠረጴዛው ራሱ ያሞቃል፤ የመንዝ ጠረጴዛ ግን ያው ማቀዝቀዣ ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚያዝ የመንዝን ብርድ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ጫኔ፣ አሁን እጅህን ክፈት።»

ጫኔ ብልቃጡን ወደ ጉንጩ አስጠጋው። «ሞቋል» አለ። «በእጅ ብቻ ይሞቅ ነበር ማለት ነው?»

ዶክተር ቴዎፍሎስ ግድግዳውን ተደገፈ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩ። ሌላ ወላድ ሳዋልድ ነበርኩ። ማታ መጥቼ ብልቃጡን ስነካው ገባኝ። የዚያኑ ጊዜ ሰጠነው።»

«ለጫኔስ ምን አሉት?»

«መድኃኒቱ ዘገየ አልኩት። ሹፌሩ ነው አላልኩም።»

«ሲታሰር ግን ዝም አሉ። ሸዋረጋም ዝም አለች። አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን መታችሁ። ስሕተቱን ለጤና ቢሮው እጽፈዋለሁ፤ ዝምታው ግን ከእኔ ጋር ጣቢያ ያስኬዳችኋል።»

«በጊዜው ቢሰጠው ይተርፍ ነበር?» አሉ ቄስ ገብረ አማኑኤል።

«አላውቅም አባ። ዕድል ይኖረው ነበር» አለ ዶክተሩ። ሸዋረጋ አለቀሰች።

ጫኔ ምንይሉን ራሴ ላስፈታው ብሎ ለመነ፤ ጌታነሽም ተከትላው ሄደች። ፖሊሱ በሩን ሲከፍት ምንይሉ ብርድ እንዳኮማተረው ተነሣ። ጌታነሽ ፊቱን አይታ፣ ከታሰረ ወዲህ ማንም ወሬ እንዳልነገረው ገባት። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሹፌሩ ግን የሚያየው ጫኔን ነበር።

«ሕፃኑስ ጫኔ? ደረስኩለት?»

ጫኔ ወደ ሹፌሩ ተጠጋ።

«ደርሰህለት ነበር ወንድሜ» አለና፣ የቀረውን መናገር አቅቶት፣ በሹፌሩ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።