ልጄ ናት ብሏል

«ዛሬም የለችም» አለች ጽጌሬዳ፣ ጫማዋን ደጃፉ ላይ እያወለቀች። ጭቃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ወጥቷል። ይዛ ከመጣችው ነገር ሁሉ እውነተኛው ጭቃው ብቻ ነበር።

አያቷ ወይዘሮ አጸደ የተቀቀለ እርድ ሸራ ላይ እየበተኑ ነበር። እጃቸው እስከ ክርናቸው ቢጫ ሆኗል። ቀና ሳይሉ «ሁሉንም አየሽው?» አሉ።

«ሁሉንም።»

ውሸቷን ነው። ጽጌሬዳ ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አልሄደችም። ባለፈው ቅዳሜም አልሄደችም። ጓደኛዋ ሐያት ቤት ተጋድማ ስልክ ስትነካካ ነው የዋለችው። እንዲህ ስታደርግ ስድስተኛ ቅዳሜዋ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረችም። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደዚህ አገር የመጡ ሠፋሪዎች መዝገብ ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ላይ መግባቱን ከታሪክ አስተማሪዋ የሰማች ቀን፣ ለአያቷ ልትነግር እየሮጠች ነው የመጣችው። ወይዘሮ አጸደ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው መጠለያ ውስጥ ታናሽ እህታቸውን አጥተዋል። ስሟ ንጋቷ ነው፤ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ይኸው አርባ ዓመት፣ በቴፒ ገበያ በእሷ ዕድሜ የምትሆን ሴት ሲያዩ ቆም ብለው ፊቷን ሳያዩ አያልፉም። የጽጌሬዳ እናት ማሻ ከተማ ስለምታስተምር ልጅቷ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው፤ ይህን ቆም ማለት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ስለዚህ ዘጠኝ ቅዳሜ በእውነት ሄዳለች። የኮምፒውተሩ መፈለጊያ ስምና የአባት ስም ይጠይቃል። «ንጋቷ አለሙ» ብላ ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ «አልተገኘም» ይላል። አንዳንዴ እያሰበ መብራት ይጠፋል። በአውራጃ ሞከረች፣ በዕድሜ ሞከረች፣ መልሱ ያው ነው። በመጨረሻ ሐያት «አንቺ ደግሞ አታካብጂ። የለችም በቃ። ነይ ፈታ በይ» አለቻት። ጽጌሬዳም ደክሟት ነበርና ሄደች።

አያቷ የመጨረሻውን እርድ በትነው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«እንግዲያ ይበቃል። አንቺም ደከምሽ» አሉ። «ለቄሱ ነግሬያቸዋለሁ። ነገ ሳምንት፣ እሑድ፣ ፍትሐት ይደረግላታል።»

«ለማን?»

«ለንጋቷ ነዋ። መዝገቡ የለችም ካለ እኔ ማን ነኝና አለች የምለው? አርባ ዓመት ጠፋች ስል ኖርኩ። አሁን ሞተች ልበልና ልረፍ።»

ድምፃቸው ውስጥ ልቅሶ አልነበረም፣ ድካም ብቻ ነበር። የጽጌሬዳን አንጀት የበላውም እሱ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእሷ ግን እያደር ከበዳት። ንጋቷን የገደለቻት እሷ መሰላት፣ ያውም ሐያት አልጋ ላይ ተጋድማ።

ሰኞ ከሰዓት ትምህርት አልነበራትም። ምሳዋን እንደነገሩ ጎረስ አድርጋ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። የመዛግብት ክፍሉ ሠራተኛ ጋሽ ሰይፈዲን ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ጠፋሽ እኮ» አሉ። «እኔማ አገኘቻት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጽጌሬዳ አንገቷን ደፋች። «እስከ እሑድ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ።»

«እስቲ እንዴት እንደምትፈልጊያት አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። ጋሽ ሰይፈዲን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የጠፋ ሰው እንዲህ አይፈለግም። የጠፋችውን ለጊዜው ተያትና የተገኘችውን ፈልጊ። አያትሽ እዚህ መጥተዋል አይደል? እሳቸው የተጻፉበትን ገጽ አውጪ። ከማን ጋር እንደመጡ፣ ከላይና ከታች ማን እንዳለ እዪ።»

አያቷን መፈለግ ለጽጌሬዳ ታስቧት አያውቅም። በየቀኑ ቤት የምታገኛቸውን ሰው ምን ብላ ትፈልግ? «አጸደ አለሙ» ብላ ጻፈች። ወዲያው አንድ ገጽ መጣ፤ ዳሩ የተበላ፣ ቀለሙ የደበዘዘ የእጅ ጽሕፈት ነው። አለሙ፣ አባወራ። ከሥሩ ሚስቱ። ከዚያ አልአዛር፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ልጅ። ይኼ የአያቷ ወንድም ነው፤ ገበያው አጠገብ ሞተር ብስክሌት የሚጠግኑት ጋሽ አልአዛር። ቀጥሎ አጸደ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ልጅ።

ሁለቱም አሥራ ሁለት? መንታ ናቸው ሲባል ሰምታ አታውቅም። ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች እስከ መጨረሻው ዓምድ ሄደች። «ምርመራ» ይላል። የሌሎቹ ሁሉ ባዶ ነው። በአጸደ ትይዩ ግን ጸሐፊው በደቃቅ ፊደል «አባወራው ልጄ ናት ብሏል» ብሎ ጽፏል።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። የገዛ ልጁ ከሆነች ለምን «ብሏል» ይባላል?

ቤት ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ወይዘሮ አጸደ እርዱን ሊያስገቡ ይጣደፉ ነበር። የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘችላቸው። ቅዳሜ ያየችው ገጽ እንደሆነ አድርጋ ብትጠይቃቸው ማንም አያውቅባትም። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዲህ ብትል፣ ነገ ደግሞ ይህን ለመደገፍ ሌላ ውሸት ያስፈልጋል፤ ለዚያ የሚሆን አቅም አልነበራትም።

«እማማ» አለች፣ «ስድስት ቅዳሜ አልሄድኩም። ሐያት ቤት ነበርኩ። የለችም ያልኩዎት ሳልፈልጋት ነው።»

ወይዘሮ አጸደ ሸራውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩዋት። ጽጌሬዳ ቁጣ ጠበቀች፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ዛሬስ?» አሉ።

«ዛሬ ሄጃለሁ። እርስዎን አገኘሁዎት።» ያነበበችውን ነገረቻቸው።

እርዱን አስገብተው አያቷ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

«ለካስ ጽፎታል» አሉ። «እናት አባታችን ሞተው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ንጋቷ ትኩሳት ይዟት ከሕመምተኞቹ ድንኳን አስገቧት። ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ ድንኳኑ ባዶ ነው። በሌላ መኪና ሄዱ አሉኝ። እኔም ልሳፈር ስል ጸሐፊው ሰው የሌለው ልጅ አይጫንም ብሎ ገፋኝ። አለሙን ያኔ በስም እንኳ አላውቀውም፤ ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ነበር። እጄን ያዘና ልጄ ናት አለ።»

«ታዲያ የእርስዎ አባት ማን ነው?»

«አለሙ ነው» አሉ ፈጠን ብለው። ከዚያ ደግሞ «የወለደኝ ባምላኩ ይባላል» አሉ። «ስሙን ከጠራሁት አርባ ዓመቴ። አለሙ ከልጆቹ ሳይለይ አሳድጎ ድሮኛል። አልአዛር ሁሉንም ያውቃል፤ እዚያው ቆሞ ነበር። አንድ ቀን ግን እህቴ አይደለሽም ብሎኝ አያውቅም። እሱ ያላነሳውን እኔ ላንሳው? አልሆነልኝም። አንቺንም በሌለ ስም አንከራተትኩሽ።»

ዘጠኝ ቅዳሜ። ጽጌሬዳ ደሟ ፈላ፤ ከዚያ የራሷ ስድስት ቅዳሜዎች ትዝ አሏትና በረደላት። ጠጋ ብላ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ «ንጋቷ ባምላኩ» ብላ ጻፈች። አልተገኘም። ጋሽ ሰይፈዲን ነገሩን ከሰሙ በኋላ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ።

«እሷንስ አንድ ሰው ልጄ ናት ብሏት ቢሆን?» አሉ። «በማን ልጅነት እንደተጻፈች ማን ያውቃል? ከእንግዲህ መፈለጊያው አይረዳሽም። ገጽ በገጽ ማንበብ ነው። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ገጽ አለ።»

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ አጸደ ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ቄሱን ፍትሐቱ ይቆይልኝ ብለዋቸዋል። ለጋሽ አልአዛርም ነግረዋቸዋል።

«ምን አሉ?» አለች ጽጌሬዳ መንገድ ላይ።

«የእህቴ እህት ስትፈለግ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ? አለኝ። ተቆጣኝ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ኮምፒውተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጽጌሬዳ የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተች። ወይዘሮ አጸደ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አንድ ስም ለማንበብ ከንፈራቸው ብዙ ይሠራል። ጽጌሬዳ አንዱን ገጽ በአንድ እይታ ጨርሳ ልታልፍ ስትል እጇን ያዟት። ወንዱንም፣ ሽማግሌውንም፣ ሁሉንም ከነአባቱ ስም ነው የሚያነቡት። አንዳንዱ ላይ ደርሰው «ይኼን አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ነው ያረፈው» ይላሉ፣ ያማትቡና ይቀጥላሉ።

እስከ ምሳ ሰዓት አሥር ገጽ ብቻ ሄዱ። ጽጌሬዳ በልቧ አሰላችው። በዚህ አካሄድ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳም አያልቅም። ዓይኗ ተቃጥሏል፣ ጀርባዋ ደንዝዟል። የምንፈልገው ሴት ልጆቹን ብቻ እኮ ነው ልትላቸው አፏን ከፈተች።

አያቷ ግን አንድ ስም እያነበቡ መሐል ላይ ነበሩ። ጽጌሬዳ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች፤ እስኪጨርሱት ጠበቀች።