በአንድ አፍ ሁለት ሰው

ስንዱ የአንድን ሰው ልጅነት አንብባ ለመጨረስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። ከዚያም ውስጥ አራቱ ማሽኑ እስኪሞቅ የሚጠበቅበት ነው።

ማሽኑ ውርስ-አንባቢ ይባላል። ከምራቅ ላይ ሁለት ነገር ያነባል፤ ከወላጅ የተወረሰውን ዘረ-መልና የልጅነት መከራ በዘረ-መሉ ላይ የሚተወውን ጠባሳ። ሁለቱን አጋጥሞ ሰውዬው ካደገ በኋላ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ይተነብያል። ስድስት ሰው በአንዲት መንኮራኩር ታጉሮ ለስምንት ዓመት ወደ ጁፒተር ጨረቃ ሲሄድ ይህን ማወቅ ቅንጦት አይደለም። አረንጓዴ ይሳፈራል፣ ቀይ ይቀራል። ስንዱ በሰመራ ማስወንጨፊያ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ስታነብ ማሽኑ ተሳስቶባት አያውቅም፤ ይህንንም ለመናገር አታፍርም።

የዛሬው የመጨረሻ ተመርማሪ የውሃ መሐንዲሱ ይታገሱ ነበር። ከአምስቱ ባልደረቦቹ ጋር አሥራ አራት ወር ተለማምዷል፤ የቀረው ይህ ንባብ ብቻ ነው። ምራቁን ሰጠ። ማሽኑ ጮኸና ቆመ። ስክሪኑ ላይ «በአንድ አፍ ሁለት ሰው» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ስንዱ ገመዱን ነቅላ ሰካች፣ መስታወቱን ወለወለች፣ ንባቡን ደገመችው። ያው ነው።

«ሳትበላ ና አልተባልክም?»

«አልበላሁም እትዬ ስንዱ» አለ አንገቱን እያሻሸ። «አጎረሱኝ እንጂ።»

«ማን?»

«የቡድናችን አትክልተኛ እትዬ ብርቄ። ምርመራ አለብኝ ብላቸው በባዶ ሆድህማ አትሄድም አሉ። አንድ ያጣላል ብለው ሦስት አደረጉት።»

ስንዱ ሳቀች። ማሽኑ ያገኘው ሁለተኛ ሰው የብርቄ የእጅ ህዋስ ነበር። አፉን አስጉመጥምጣ፣ አንድ ሰዓት አስጠብቃ እንደገና አነበበችው። አሁን አንድ ሰው ብቻ ወጣ፤ ያውም ቀይ። ዘረ-መሉ ስስ ነው፣ የነካው ሁሉ ምልክት ይተውበታል። አምስት ዓመት ሳይሞላው ጎርፍ ሦስት ጊዜ አፈናቅሎት በሦስት መጠለያ፣ በሦስት አሳዳጊ እጅ አልፏል። ትንበያው «ከሰው እጅ አይቀበልም፤ በጠባብ ቦታ ከባልደረቦቹ ይሸሻል» ይላል።

ይታገሱ ፊቷን አይቶ ገባው።

«ቀይ ነው አይደል? ማሽኑ አልዋሸም። መጠለያ ውስጥ የማውቀው እጅ የሚነጥቀውን ነው። እስከ ሠላሳ ዓመቴ ሳህኔን አቅፌ ነው የበላሁት። ልምምድ ስንጀምርም ጀርባዬን ሰጥቻቸው እበላ ነበር። እትዬ ብርቄ ምንም ሳይሉ በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጠው ይበላሉ። በሰባተኛው ወር አጎረሱኝ።»

«ከዚያስ?»

«አላነቀኝም።»

ስንዱ ሁለቱንም ንባቦች አትማ ወደ መንኮራኩሯ አዛዥ ወደ ካፒቴን ፍሰሐ ቢሮ ሄደችና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ይሄኛው እኮ የተበከለ ናሙና ነው» አለ ካፒቴኑ የመጀመሪያውን ገፋ አድርጎ።

«ቀዩ ከሰው እጅ አይቀበልም ይላል። እርስዎ የገፉት ደግሞ የተቀበለውን እጅ አፉ ውስጥ አግኝቶታል። የቱን ያምናሉ? ዘረ-መሉ ስስ ስለሆነ ክፉው ጠልቆ ገባ። ደጉ አይገባም ያለው ማነው?»

ካፒቴኑ ወረቀቶቹን እያገላበጠ ቆየ።

«እኔንም ባለፈው ሳምንት አጉርሶኛል» አለ በመጨረሻ፤ የይታገሱን መሳፈሪያም ፈረመ።

ስንዱ ወደ ክፍሏ የተመለሰችው ደስ ብሏት ነበር። ማሽኑ ፊት ስትቀመጥ ግን ደስታው ከዳት። እውነት ነው፣ ማሽኑ አልተሳሳተም። የተጠየቀውን መልሷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዎችን አንድ በአንድ፣ በባዶ አፋቸው አስገብታ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ የወሰነችው እሷ ናት። አርባ ሰው በቀይ መልሳለች። አፈረች።

የአርባዎቹን ዝርዝር አውጥታ ከመጀመሪያው ስም ጀመረች።

«ሄሎ?» አለ ጎርነን ያለ ድምፅ።

«ከሰመራ ጣቢያ ነው፤ ስንዱ እባላለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት አንብቤዎት ነበር» አለች። «አንድ ነገር ሳልጠይቅዎት ቀርቻለሁ። ምሳዎን ከማን ጋር ነው የሚበሉት?»