ሰባተኛው ነዋሪ

መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ከማሞቂያው ክፍል ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተጋድሟል። ሟቹ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ባቡር ይነዱ ስለነበር የቤቱ ሰው ሁሉ «ጋሼ ባቡር» ይላቸው ነበር። ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ የጫማቸው ማሰሪያ እንደተቋጠረ ነው። ጉንጫቸው ከፀሐይ እንደገባ ሰው ቀልቷል።

«ልባቸው ይሆናል» አለች ሲስተር። ነርስ ናት። ከአባቷ የወረሰችውን ይህን ቤት የአረጋውያን መኖሪያ አድርጋ የምታስተዳድረው እሷ ነች።

«ልብ እንዲህ አያቀላም» አለ ሐኪሙ። «ጭስ ነው፤ ሽታ የሌለው ዓይነት። ጋዝ አየር አጥሮት ሲነድ የሚወጣው።»

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ቀስ በል» ይሉታል፤ ሰው ሲጣደፍ ሁልጊዜ የሚላት ቃል ናት። አሁንም ቀስ ብሎ ተንበረከከና የሟቹን ቀኝ እጅ አነሳ። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠው ደም ቋጥረዋል። ለሐኪሙ ብቻ አሳየውና አንሶላውን መልሶ ሸፈነበት።

ከዚያ ወደ ማሞቂያው ክፍል ገባ። መስኮት የለውም። ግድግዳው ላይ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ተሰቅሏል፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጎረቤት ግቢ ይወጣል። ወለሉ ላይ ትራስ የተነጠፈበት ወንበር አለ። በሩ ከውጭ በኩል መቀርቀሪያ አለው፤ የቁልፍ ቀዳዳ የለውም። ከበሩ ሥር ደግሞ ቡናማ የሱፍ ሻርፕ ተጠቅልሎ ወድቋል።

የማዘጋጃ ቤቱን የፈቃድ ባለሙያ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ አገኘው። ወጣት ነው፤ ሜትሩን ከእጁ አላስቀመጠም።

«ለቁጥጥር ነው የመጣሁት» አለ። «ደንቡ እንዲህ ነው፦ እስከ ስድስት አረጋውያን እንደ ቤተሰብ አብረው ቢኖሩ ቤቱ መኖሪያ ቤት ነው፤ ማንም ፈቃድ አይጠይቃቸውም። ሰባተኛ ሰው ከተጨመረ ግን ተቋም ሆነ ማለት ነው። የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው። ለእሱ ደግሞ ሰፋፊ በር፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የጎረቤት ስምምነት ይጠየቃል።»

«ጎረቤት ተስማምቷል?»

«ኧረ እሳቸው ናቸው ሰባት ሆነዋል ብለው ያመለከቱት።»

«አንተ ስትቆጥር ስንት ሆኑ?»

«ስድስት። ልሄድ ስል ነው ‹ሞቱ!› የሚል ጩኸት የሰማሁት።»

«ሲስተር ከአንተ ተለይታ ነበር?»

«ከታክሲ እንደወረድኩ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልተለየችኝም።»

«ቤት ውስጥ የነካኸው ነገር አለ?»

«ምንም። ብቻ... የመታጠቢያ ቤቱን ሙቅ ውሃ ከፍቻለሁ። መሥራቱን ማረጋገጥ ሥራዬ ነው። በሮቹን ለክቼ እስክጨርስ ሲወርድ ተውኩት።» ድንገት ፊቱ አመድ መሰለ። «ማሞቂያው እዚያ ክፍል ነው እንዴ ያለው?»

መርማሪው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና ሲስተርን ፍለጋ ወጣ።

ሲስተር ሳትጠየቅ ነው የጀመረችው። «እኔ ነኝ የደበቅኋቸው። ጻፈው።»

«ቀስ በይ። መጀመሪያ እንዴት ገቡ?»

«ባለቤታቸው ቀድመው ነበሩ፤ ስድስተኛዋ። እሳቸው ብቻቸውን ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በየቀኑ እየመጡ አብረዋቸው ይውላሉ፤ ሲመሽ በሩ ላይ ቆመው መሄድ ያቅታቸዋል። አንድ ቀን ዝናብ መጣ። ግቡ አልኳቸው። ከገቡ በኋላ ውጡ የሚል አፍ ከየት ላምጣ?»

«ፈቃዱን አልጠየቅሽም?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠናሁ። ጎረቤቱ ይስማማ ይሉኛል፤ ጎረቤቱ ዓይንሽን አያሳየኝ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ።»

«ዛሬ ማሞቂያው ክፍል ስታስገቢያቸው በሩን በምን ዘጋሽው?»

አመነታች። «በ... በቁልፍ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያት። ዓይኗን ሰበረች።

የሟቹ ባለቤት መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ አልጋዎች ተገጣጥመዋል። አንዱ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም፣ ሌላውም ደክሟል። መርማሪው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እግዜር ያጽናዎት፣ እማማ» አላቸው። ከዚያ ቡናማውን ሻርፕ ዘረጋላቸው። ተቀብለው፣ ሳያስቡት፣ አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት። ጫፉን አስተካከሉ። ወዲያው እጃቸው ባለበት ቆመ። መርማሪው ሌላ ነገር ሳይጠይቃቸው ወጣ።

ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ቲማቲም ያለማሉ፤ እያንዳንዱ ተክል ከአሮጌ መጋረጃ በተቀደደ አረንጓዴ ጨርቅ ከእንጨት ጋር ታስሯል። ከራሳቸው ከፍ ብሎ የማሞቂያው የጭስ ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወጥቷል። መርማሪው ተንጠራርቶ አየው። የውስጡ ጥላሸት ወፍራም ነው፤ አፉ ዙሪያውን ግን ተፍቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። የቱቦው ስለት ላይ የክር ቁራጭ ተሰክቷል።

«ሕግ ይከበር ነው ያልኩት፣ ሌላ ምን አጠፋሁ?» አሉ መምህሩ። «ባለቤቴ በዚያ መስኮት ሥር ተኝታ፣ ይህን ጭስ ስትምግ ነው የሞተችው። ስንቴ አመለከትኩ! ሰሚ የለም። ዛሬ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና ሁላችሁም መጣችሁ።»

«እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ቲማቲሜ ጋር።»

«የሰሙት ነገር ይኖራል?»

«ምን እሰማለሁ? እኔን ከምታደርቀኝ፣ ሽማግሌ እስኪሞት ድረስ ሲያንኳኳ ለምን በር እንዳልከፈቱ እነሱን ጠይቅ!»

መርማሪው አመስግኗቸው «ከሰዓት በኋላ ወደነሱ ቤት ብቅ ይበሉ፤ ሁላችሁንም አንድ ላይ እፈልጋለሁ» አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም የመመገቢያ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። የቀሩት አምስት አረጋውያንም ነበሩ፤ አንዱ አንቀላፍተዋል። መምህሩ ከበሩ አጠገብ ቆሙ።

«ቀስ ብለን እንሂድ» አለ መርማሪው። «ሲስተር እኔ ዘጋሁባቸው ብላለች። ዋሽታለች። ከባለሙያው አልተለየችም፤ ቁልፍ በሌለው በር ላይም ቁልፍ ጨምራበታለች። የዘጋባቸው የሚወዳቸው ሰው ነው። ለሚጠሉት ሰው ትራስ አይነጠፍም። ቢያስሉ እንዳይሰማ በበሩ ሥር ሻርፕ ተወትፏል። ሻርፑ...»

«የኔ ነው» አሉ ባለቤታቸው። የመርማሪውን ከንፈር እያዩ ይከታተሉ ነበር። «ሲስተር ታክሲ ጠርታ፣ ለዛሬ ዘመድ ጋ ይዋሉ ብላው ነበር። ታክሲው መጣ፤ የፈቃዱ ሰው ከውስጡ ወረደ። ለሌላ ነገር ጊዜ አልነበረም። እዚያ አስገባሁት። እንግዳ መጣ ከተባለ ተነስቶ ካልጨበጠ አይሆንለትም፤ እንዳይወጣብኝ ቀረቀርኩት።»

ሲስተር ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ክፍሉ ብቻውን አይገድልም» ሲል መርማሪው ቀጠለ። «ማሞቂያው ከዚያ በፊትም ይነድ ነበር፤ ጭሱ በቱቦው ይወጣል። ዛሬ ግን ቱቦው ተደፍኗል። የደፈነው ሰው ኋላ ሲነቅለው ጥላሸቱን ፍቆታል፤ ክርም ትቷል። አረንጓዴ ክር ነው፣ መምህር። ቲማቲምዎ ከታሰረበት ጨርቅ።»

«ማሞቂያው እንዲጠፋ ነው!» አሉ መምህሩ። «ባለሙያው ሙቅ ውሃ ከፍቶ እንዲያጣ፣ ፈቃዱን እንዲከለክላቸው ብዬ ነው። ሰው ውስጥ እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

«ሲደፍኑት አላወቁም ይሆናል። ግን ቅድም ምን አሉኝ? ሽማግሌው ሲያንኳኳ አሉ። ማንኳኳታቸውን ያየነው ጣታቸው ላይ፣ እኔና ሐኪሙ ብቻ ነን። እዚህ ቤት የሰማሁ ያለ የለም፤ ውሃው ይጮህ ነበር። በቱቦው በኩል ግን ለእርስዎ ተሰምቷል። ዕድሜዎን ሙሉ ኬሚስትሪ አስተምረዋል። አየር ያጣ እሳት ምን እንደሚያወጣ እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል? ጨርቁ ደግሞ እጅዎ ሥር ነበር።»

መምህሩ በሩን ተደገፉ። በመጨረሻ «ባለሙያው ይስማው አልኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ይምጣና ሰባተኛውን በዓይኑ ይየው ብዬ ነው። ይከፍቱለታል ብዬ ነበር። ከዚያ... ዝም አለ።»

አንድ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው። ያንቀላፉት ሽማግሌ ነቅተው «ማን መጣ?» አሉ።

ሲስተር ወደ ፈቃድ ባለሙያው ዞረች። «አሁን ስድስት ናቸው» አለች። እንዲህ ማለቷ ራሷን አሳፈራት፤ ግን ቀጠለች። «ደንቡ ስድስት አይደል የሚለው?»

«ደንቡ የሚያየው ቁጥጥሩ የተደረገበትን ቀን ነው» አለ ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ። «ያለ ፈቃድ ተቋም ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰውም ሞቶበታል። ቤቱ ይታሸጋል። እኔ ባልጽፈው ሌላ ይጽፈዋል።»

«እነዚህስ?»

«ፈቃድ ያለው ቤት ይዛወራሉ።»

«የታለ? ንገረኝ፣ እኔ ራሴ ልውሰዳቸው።»

ባለሙያው ሜትሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ባዶ አልጋ ያለው ቤት እንደሌለ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ እንደተገኘ ይበተናሉ።

ሌሎቹ ወደየክፍላቸው ሲመለሱ ባለቤታቸው ከመቀመጫቸው አልተነሱም። መርማሪው አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አንኳኳ አልክ?» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

«ማንም እንዳይከፍትበት ብዬ በሩን ተደግፌ ተቀምጬ ነበር። ጆሮዬ አይሰማም እንጂ ጀርባዬ ይሰማል። ሲመታው ተሰማኝ። ሰለቸው ብዬ እኔም በእጄ መታ መታ አደረግሁለት፤ ቆይ ትንሽ ማለቴ ነው። መልሶ መታ። እኔም መታሁ። ከዚያ ተወው። እሺ አለኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

መርማሪው ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

«እርስዎ መሆንዎን አውቀዋል» አላቸው። «ብቻቸውን አልነበሩም።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱ ነዋ የሚያንገበግበኝ» አሉ።