ሁለተኛ ፎቅ የሚቆም ገመድ

ኢንሳፍ እንደምትለው አባቷን የገደለችው የወንድሟ ሚስት ራውያ ናት፤ የልብ ኪኒኑን አብዝታ ሰጥታቸዋለች። ራውያ እንደምትለው ደግሞ አማቷ ሃጅ ሸውቂ ከማፍጠሪያ በኋላ ከምትሰጣቸው ከአንዲቷ ኪኒን በቀር ከእጇ የተቀበሉት መድኃኒት የለም። ሁለቱም ይምላሉ፤ የሁለቱም ዓይን በልቅሶ አብጧል።

ሃጅ ትናንት አፍጥረው ወደቁ፤ ሆስፒታል እንደደረሱ አረፉ። ሐኪሙ ልባቸውን ያቆመው የራሳቸው የልብ መድኃኒት ነው አለ። ፖሊሱ መቶ አለቃ ሂሻም የሃጅን የአራተኛ ፎቅ ቤት ከውስጥ ቆልፎ፣ ነገሩ ካልጠራ ራውያን ወደ ጣቢያ እንደሚወስዳት ተናገረ። መቆለፉ ለራውያ አዲስ አልነበረም። ባሏ ታሪቅ ኩዌት ከሄደ ወዲህ፣ አማቷን ስታስታምም፣ የእስክንድርያን ባሕር የምታየው በወጥ ቤቱ መስኮት ነው።

መቶ አለቃው በሰፈሩ ክሊኒክ የአዛውንቶችን የልብ ምት መድኃኒት የምትከታተለውን ፋርማሲስት፣ ዶክተር ነጃትን አስጠራ።

«ኪኒኑን ይቁጠሩልኝ።»

«ቆይ። መጀመሪያ ሰዎቹን ልጠይቅ።» ወደ ራውያ ዞረች። «ሰሞኑን ምን ይሰማቸው ነበር?»

«ሁሉ ነገር ቢጫ ሆነብኝ ይሉ ነበር። እኔም ቀልድ መስሎኝ፣ ‹ሎሚ በዝቶብዎት ነው› አልኳቸው።»

«እየገደልሻቸው ትስቂ ነበራ!» አለች ኢንሳፍ።

«እግራቸውስ?»

«አብጦ ጫማ እምቢ ብሏቸው ነበር።»

ነጃት ሆስፒታል ደውላ ስለ ደማቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ሃጅ በረንዳ ወጣች። ከበረንዳው አጥር ላይ፣ ዕቃ ከታች የሚሳብበት ገመድ የታሰረበት ቅርጫት ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ጥቁር ነገር ተጣብቆበት ጉንዳን ወርሮታል። አሸተተችው።

«ይህን ማን ያወርደዋል?»

«እሳቸው ናቸዋ። ማፍጠሪያ ሲደርስ እኔ ምድጃ ላይ ነኝ። በረንዳው የእሳቸው ግዛት ነው፤ ልጥረግ ካላልኩ አያስገቡኝም።»

ነጃት ቅርጫቱን እስከ ገመዱ ጫፍ ለቀቀችው፤ ቁልቁል አየች፤ ወደ ሳሎን ተመለሰችና ሁሉንም አስቀመጠቻቸው።

«ሰው ይህን ኪኒን ባንዴ አብዝቶ ሲውጥ በደሙ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ይጨምራል። የሃጅ ግን ወርዶ ተገኝቷል። ስለዚህ የበዛ ኪኒን የለም። ፖታሲየም ሲሟጠጥ በልኩ የተዋጠች ኪኒን ራሷ መርዝ ትሆናለች፤ ዓለምን ቢጫ ያደረገችባቸው እሷው ናት። ታዲያ ማን አሟጠጠው? እግርም የሚያሳብጥ፣ ቅርጫትም የሚያጠቁር፣ በረመዳን በየቤቱ የሚጠጣ ነገር።»

«ዒርቅ ሱስ!» አለ መቶ አለቃው። «ያ ጣፋጭ የሥር መጠጥ? ኧረ እኔም እጠጣለሁ!»

«አንተ የልብ ኪኒን አትወስድም።»

«መንገድ ላይ ከሚዞረው ሻጭ ገዝተው ይሆናላ» አለች ኢንሳፍ።

«ገመዱ መንገድ አይደርስም። የሚቆመው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንቺ በምትኖሪበት ቤት መስኮት ላይ።»

ነጃት ወንበሯን ወደ ኢንሳፍ አስጠጋች።

«ክሊኒክ ያመጣሻቸው አንቺ ነሽ፣ ኢንሳፍ። ይህ መጠጥ ከኪኒኑ ጋር እንደማይሆን ስነግራቸው አጠገባቸው ነበርሽ። ራውያ ግን አልመጣችም፤ ማንም አልነገራትም።»

ኢንሳፍ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ሁሉን ነገር ከሷ እጅ ነበር የሚቀበለው። ከኔ የለመነኝ አንድ ብርጭቆ ነው። ‹ልጄ፣ ለራውያ እንዳትነግሪ› አለኝ። ሥር ነው፣ ሥር ምን ያደርጋል አልኩ… ወላሂ፣ አባዬን መግደሌ አልመሰለኝም!»

«ትናንት ሲወድቁስ?» አለች ነጃት።

«ያኔ ገባኝ። ቀድሜ ስሟን ካልጠራሁ ስሜ የሚጠራ መሰለኝ።»

«ልጄ ያሏትን ሽማግሌ ሆን ብላ አልገደለችም» አለ መቶ አለቃው። «በሐሰት መወንጀል ግን ወንጀል ነው። ራውያ፣ ትከሽያታለሽ?»

ራውያ ተነስታ ጥቁር ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«አልከሳትም። ለቀስተኛውን ግን እሷ ትቀበል። ታሪቅ ሲደውልም አባቱ በምን እንደሞተ በራሷ አፍ ትንገረው። እኔ ዛሬ እናቴ ቤት ነው የማድረው፤ ወደዚህ ቤትም አልመለስም።»